በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ የደበቅኩት በሽታ

የአባቴ ሕመም የጀመረው ከቀኝ ትከሻው ነው። ሳል እንኳን አልነበረውም። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት እህል አስጭኖ ተመልሶ ከመኪና ሲወርድ ትከሻዬን ይዞኛል አለ። ኩንታል አንስተህ ይሆናል አልኩት፤ እሱም አንስቼ ይሆናል አለ። ቅባት ገዛሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቅ ሳል መጣ። ከዚያ መክሳት ጀመረ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼ፣ በስተርጅና ሽቅርቅር ሆንክ እንዴ ብዬ ሳቅኩበት። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ይህን የምጽፈው የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ቤታቸው ላለ ሁሉ ነው። ስሜ ፋጡማ ነው። ከሚሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬ የበሽተኛውን ስም ጠይቆ፣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቶ ወደ ምርመራ ክፍል መላክ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሙያ የለኝም። ሰፈሩ ግን ጋውን ስለምለብስ እንደ ግማሽ ሐኪም ነው የሚያየኝ። ልጁ ሲያተኩሰውም፣ እግሩ ሲያብጥም እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እውነቱን ልናገርና፣ መጠየቁን ጠልቼው አላውቅም። አላውቅም ማለት ሲገባኝ ያወቅኩ መምሰል ለምዶብኝ ነበር።

አባታችንን አብዬ ነው የምንለው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ አብዬ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፣ ሲጋራ አፉ ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቢ ነበር። አክታው ተመረመረ፣ ቲቢ የለም ተባለ። ራጅ ተነሣ። ቀኝ ሳንባው ላይ እንደ ሎሚ ያለ ነጭ ነገር ታየ። ደሴ ሄደን ሲቲ ስካን ተነሣ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላክን፣ እዚያ በረጅም መርፌ ከሳንባው ናሙና ወሰዱ። ባዮፕሲ ይሉታል።

ውጤቱን የነገረችኝ የካንሰር ሐኪም ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። አብዬን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። እኔ እሰማልሃለሁ አልኩት፣ አመነኝ።

ካንሰር ነው አለች። የሳንባ ካንሰር። ወደ አጥንቱ ደርሷል። በቀዶ ጥገና አይወጣም።

ወንበሩ ላይ መቼ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም ነበር። የሳንባ ካንሰር አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነገረችኝ። የአብዬ ዓይነት፣ በተለይ አጫሽ ባልሆነ ሰው ላይ ሲገኝ፣ አንዳንዴ ጂኑ ላይ የታወቀ ለውጥ ይኖረዋል፤ ለውጡ ካለ ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ኪኒን አለ። ናሙናው ለጂን ምርመራ ወደ ውጭ ሀገር ተላከ። አምስት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ አምስት ሳምንታት አብዬ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፍ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ለውጡ ተገኘ፤ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ይባላል። ኪኒኑ ጌፊቲኒብ ነው፣ በቀን አንድ።

ሐኪሟ ያን ቀን የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ኬሞ ያገኘውን ሁሉ ይመታል። ይህ ኪኒን ግን ምልክት ፈልጎ ነው የሚመታው። ምልክቱ የሌለበት ካንሰር ላይ ምንም አያደርግም። በየቀኑ ይውሰዱ፣ ሰዓቱን ጠብቀው። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ።» ቀጥላ ለአባቴ እሷ ትንገረው ወይስ እኔ እንደምነግረው ጠየቀችኝ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ።

አልነገርኩትም።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። መርዶ እንኳን የሚረዳው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ጭራሽ አይጠራውም፤ ያ በሽታ ብሎ ያልፈዋል። እኔም አብዬን አውቀዋለሁ አልኩ። ከሰማ ይተኛል፣ ከተኛ አይነሣም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። እናም ወደ ከሚሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ የሳንባ ቁስል ነው፣ ኪኒን ተገኝቶለታል አልኩት። አብዬ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ያ በሽታ ቢሆንስ ኖሮ» አለ። ፊቴን አዙሬ የመኪናውን መስኮት ከፈትኩ።

ቀጥሎ የሠራሁት ከውሸቱም የባሰ ነው። የኪኒኑ ካርቶን ላይ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፎበታል፣ ውስጡ ያለው ወረቀትም ስለ ሳንባ ካንሰር ያወራል። አብዬ እንግሊዝኛ አያነብም፤ የሚያነብ ጠያቂ ግን ቤታችን ሞልቷል። ስለዚህ ከሚሴ እንደገባን ጓዳ ተቀምጬ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ከማሸጊያቸው ፈልቅቄ፣ ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳቸው። ካርቶኑን ከነወረቀቱ አቃጠልኩት። መድኃኒት ከራሱ ማሸጊያ ወጥቶ በሌላ ስም እንደማይቀመጥ አላውቅም ነበር ልል አልችልም። በምሠራበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል፣ በቀን ሃያ ጊዜ አልፈዋለሁ። ሠራሁት፣ እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ኪኒኑ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቱና ደረቱ ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ወጣበት፣ ተቅማጥም አስቸገረው። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ለቆዳው ቅባት ሰጠችው፤ ሽፍታው መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ መግባቱን ሊያሳይ ይችላል አለችኝ። ወር ሳይሞላ ሳሉ ቀነሰ፣ ትከሻውም ለቀቀው፣ ምሳ ቀርቦለት ጨርሶ ጨምሩልኝ ያለ ዕለት ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ያሳየን ጀመር፤ መጀመሪያ ግቢውን ዞረ፣ ቀጥሎ በባጃጅ መስጊድ ደርሶ መጣ፣ ኋላም ባጃጁን ትቶ በእግሩ ሄደ፣ መንገድ ላይም የሚያውቀውም የማያውቀውም አስቁሞ አንገቱን እያቀፈ አላህ ማረህ ሲለው አንድ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ወዳጃ እናድርግ አለ። ለማያውቅ ሰው፣ ወዳጃ ማለት በእኛ ወሎ ሰው ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ለታመመ፣ ለተቸገረ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ሐሙስ ቀን ቤታችን ሞላ። ከአብዬ አጠገብ የተቀመጡት አባ ጀማል ነበሩ። አባ ጀማል የአብዬ የልጅነት ጓደኛ፣ በሰንበቴ ከብት ገበያ የታወቁ ደላላ ናቸው። ከአፋር የመጣውንና ከደጋ የወረደውን ነጋዴ እጅ ለእጅ አጨባብጠው ሁለቱንም አስቀው የሚሸኙ፣ ሲጋራ ከጣታቸው የማይለይ፣ ሳቃቸው ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ ሰው ነበሩ። እኔን «ኢንተላ» ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጅ ማለታቸው ነው።

ዱዓው ሲደምቅ አንድ ሽማግሌ መድኃኒቱን አምጡት አሉ። ብልቃጡን ራሴ አመጣሁ። ክዳኑን ከፍተው መሃል አስቀመጡት፣ ቁርአን ቀርተው እፍ አሉበት፣ ቤቱም በአንድ ድምፅ አሚን አለ። በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ጥፋቱን በዱዓው እንዳታላክኩብኝ። ሰዎቹ የቫይታሚን ብልቃጥ ነው ያዩት። እኔ ያልኳቸውን ነው ያመኑት።

በሦስተኛው ወር ሲቲ ስካን ሲነሣ እብጠቱ በግማሽ ያህል አንሶ ነበር። ሐኪሟ ፊልሙን እያሳየችኝ፣ አባትሽ የበሽታቸውን ስም ያውቃሉ አይደል አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ አልኳት።

በአራተኛው ወር አባ ጀማል ካርድ ክፍል መስኮቴ ላይ መጡ። ሳል ይዟቸዋል፣ ድምፃቸውም ጎርንኗል። ካርዳቸውን አወጣሁ። ጤና መኮንኑ አይቷቸው ራጅና አክታ አዘዘላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ሲከቱ አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን የአብዬ ፊት ጠራ። ሽፍታው ጠፋ። ተቅማጡም ተወው። ገላው ለመደው ብዬ ተደሰትኩ፣ እንደ ሙሽራ አማረብህ ብዬ ቀለድኩበት። አብዬ ፈገግ አለና ወደ ሌላ ወሬ ገባ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባ ጀማልን ባጃጅ መቆሚያው ጋ አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ፣ አፍንጫቸው ዙሪያና አገጫቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። የሰንበቴ ፀሐይ ጠበሰዎት እንዴ አልኳቸው። ዱዓው እየወጣ ነው አሉኝና ሳቁ። ሳቃቸው በሳል ተቆረጠ። ራጁን ተነሱ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እነሣለሁ፣ እየተሻለኝ ነው አሉ። አንድ ዓይነት ሽፍታ ከአንዱ ፊት ጠፍቶ ሌላው ፊት ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። ሁለቱም ሰዎች አንድ ብልቃጥ ፊት ተቀምጠው እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ወር ተኩል ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት አባ ጀማልን ባለቤታቸው ዘሀራ ደግፋ አመጣቻቸው። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ፊታቸው አብጧል። ዓይናቸው ተጨፍኗል ማለት ይቻላል። የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል። ካርድ ሳላወጣ ቀጥታ ወደ ምርመራ ክፍል አስገባኋቸው፣ እኔም አብሬ ገባሁ።

ጤና መኮንኑ ራጁ የታለ አለ። አባ ጀማል ኪሳቸውን ዳብሰው ያንኑ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሲዘረጋው ከውስጡ ሦስት ኪኒን ወደቀ። ቡናማ፣ ክብ።

አወቅኳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጤና መኮንኑ።

«የያሲን ቫይታሚን ነው» አሉ አባ ጀማል። ያሲን አብዬ ነው። ባበጠው ዓይናቸው ፈለጉኝ። «እሷ ታውቀዋለች።»

ጤና መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ።

ቫይታሚን ነው አልኩ።

ይህን ነው ለማንም ሳልናገር ልሞት የፈለግኩት። ቀላል ነበር። የካንሰር መድኃኒት ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ዘሀራ አለች፣ ጤና መኮንኑ አለ፣ ሁለት ነርሶች አሉ፤ አባትዋን ዋሸች፣ ሰው ገደለች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ጤና መኮንኑ ኪኒኖቹን ወደ ጎን አደረጋቸው። ወደ ደሴ ሪፈር ጻፈላቸው። አምቡላንስ መጣ። እኔ መስኮቴ ላይ ተመልሼ ካርድ ሳወጣ ዋልኩ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አብዬ ጋ ሄድኩ። ብልቃጡን ፊቱ አስቀምጬ ለአባ ጀማል ሰጥተሃል ወይ አልኩት። አልካደም። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን አባ ጀማል፤ ከሁለት ወር በላይ ተካፍለውታል። እንደምቆጣ ስላወቁ ሁለቱም ላይነግሩኝ ተማምለዋል። አባ ጀማል ራጁን የተዉት፣ አንተን ያዳነህ እኔንም ያድነኛል ብለው ነው።

«ዱዓው የሁላችን ነበር» አለኝ አብዬ። «እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አሚን ሲል ውሎ፣ እኔ ብቻዬን ልዳን?»

ነገርኩት። ካንሰር ነው አልኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ካንሰር ነው። ኪኒኑ ለአንተ ካንሰር ብቻ ነው። ቫይታሚን አይደለም።

ስለ ራሱ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። እሱ ይተኛል፣ አይነሣም ያልኩት ሰው መሬት መሬት እያየ ቆየና ቀና አለ።

«የበሽታዬን ስም ብትነግሪኝ ኖሮ ለሰው አላጎርስም ነበር» አለ። «ስልክሽን አምጪ። ሐኪሟ ጋ ደውዪ።»

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ደሴ ላሉት ሐኪሞች ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ለጤና መኮንኑም ንገሪ አለችኝ። ነገርኩ። ጤና መኮንኑ ሲሰማ «አጠገቤ ቆመሽ ነበር እኮ» አለኝ።

አባ ጀማል ደሴ ሲቲ ስካን ተነሱ፣ ከአንገታቸው እጢ ናሙና ተወሰደ። ስሞል ሴል የሚባለው የሳንባ ካንሰር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያጨስ ሰው ላይ የሚወጣ፣ በፍጥነት የሚዛመት ዓይነት ነው። ደረታቸው ውስጥ ያለው እብጠት ከጭንቅላት የሚመለሰውን ደም ሥር ተጭኖታል፤ የፊታቸው ማበጥ ከዚያ ነው። ወደ ጉበታቸውም ደርሷል። አዲስ አበባ ወደ እኛዋ ሐኪም ተላኩ። እኔም አብዬን ይዤ ተከተልኩ።

ሐኪሟን ብቻዋን አግኝቼ ሁለት ነገር ጠየቅኳት። መጀመሪያ፣ ለአባ ጀማልስ እንደ አብዬ ያለ ምልክት ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት የለም ወይ አልኳት። ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር። ስሞል ሴል ላይ የአብዬ ዓይነት ኪኒን እንደማይሠራ፣ ለዓመታት ብዙ ተሞክሮ ብዙው እንደከሸፈ ነገረችኝ። አሁን በውጭ ሀገር ዲ.ኤል.ኤል.3 በሚባል፣ በስሞል ሴል ላይ በብዛት በሚገኝ ምልክት ላይ ያነጣጠረ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል። ታርላታማብ ይባላል፤ በደም ሥር ይሰጣል፤ የሰውነትን ተከላካይ ሴል ጎትቶ ከካንሰሩ ሴል ጋር ያያይዛል። ለአንዳንድ ታማሚ ዕድሜ ጨምሯል፤ ሲጀመር ግን ሆስፒታል ተኝቶ መከታተልን የሚጠይቅ ከባድ መድኃኒት ነው፣ እኛ ዘንድም አልደረሰም አለች። መጀመሪያ የሚሰጠው ኬሞ ነው፤ ስሞል ሴል ለመጀመሪያው ኬሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ እነዚያ የባከኑት ሁለት ወራት ነበሩ። ያኔ ራጁን ተነሥተው ቢሆን ኖሮ?

«አላውቅም» አለች። «ስሞል ሴል በሳምንታት የሚሮጥ ነው። ያኔ ደረታቸው ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር፣ ያ ቢሆን ኬሞና ጨረር አንድ ላይ እንሞክር ነበር። ተዛምቶም ሊሆን ይችላል። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም።»

አብዬም ተመረመረ። አንሶ የነበረው እብጠት እንደገና ማደግ ጀምሯል። ኪኒኑን በየቀኑ መውሰዱን እንዲቀጥልና በሁለት ወር እንዲመለስ ተነገረው። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ራሱ ተቀምጦ ሰማ። የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለጓደኛዬ ማን ነግሮታል አለ።

ማንም አልነገራቸውም ነበር። አባ ጀማል አሁንም የሚያውቁት ሳንባዬ ተዘጋ የሚለውን ብቻ ነው። ዘሀራም እንደ እኔ ደብቃለች።

ሐኪሟ ነገረቻቸው። አብዬና እኔም ገባን። አብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጃቸውን ያዘና አውፍ በለኝ አላቸው። አውፍ ማለት ከልብ ይቅር ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰው በደሉን ይዞ ወደ አላህ እንዳይሄድ አውፍ መባባል ትልቅ ነገር ነው። አባ ጀማል አላስጨረሱትም። አንተማ ያለህን ነው ያካፈልከኝ፣ አውፍ ብያለሁ አሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ብልቃጡን፣ ካርቶኑን ማቃጠሌን፣ ሽፍታውን አይቼ ማለፌን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ቫይታሚን ነው ማለቴን። ዘሀራ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። አባ ጀማል ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያ የገበያ ተንኮላቸው ብልጭ አለ።

«አንቺን አሁን አልልሽም፣ ኢንተላ» አሉኝ። «ድኜ፣ ሰንበቴ ገበያ መሃል ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው አውፍ የምልሽ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ተቀጣሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ኬሞው ሲስፕላቲንና ኢቶፖሳይድ ነበር፣ በየሦስት ሳምንቱ ለሦስት ቀን። መጀመሪያው ዙር ሳያልቅ የፊታቸው እብጠት ጎደለ። በሁለተኛው ዙር ድምፃቸው ተመለሰ፣ በሦስተኛው ፀጉራቸው አልቆ በራሳቸው ላይ ይቀልዱ ጀመር፤ ሲጋራውንም ተዉት። ከሚሴ በሚያርፉባቸው ሳምንታት በየቀኑ ሾርባ ይዤ እሄድ ነበር፣ ደማቸው ሲያንስም፣ ትኩሳት ሲነሣባቸውም ሌላ ሰው ሳልልክ ራሴው ነበርኩ ወደ ሐኪም የማደርሳቸው፤ ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፣ ዕዳዬን እየከፈልኩ የመሰለኝ ስለነበር ነው። ዛሬስ አውፍ አይሉኝም እላቸዋለሁ፣ ገና ነኝ ይሉኛል፤ ቤቱ ይስቃል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሰንበቴ ድረስ ሄደው ጓደኞቻቸውን ሰላም ብለው መጡ። ያን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፈቃድ ጠይቄ አብሬ መሄድ እችል ነበር፤ በሚቀጥለው እሄዳለሁ አልኩ።

ኬሞውን በጀመሩ በሰባተኛው ወር ራስ ምታት ጀመራቸው። ቀጥሎ መርገጥ አቃታቸው። ካንሰሩ ወደ ጭንቅላታቸው ተመልሶ መጥቷል። ጨረር ተሰጣቸው፤ ብዙ አልረዳም። ሾርባ ይዤ ስገባ በሟች እህታቸው ስም ጠሩኝ። ማንነቴን ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ፣ ግን አላወቁኝም። አውፍ በሉኝ አልኩ። ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ አልኩ። ሾርባው ትኩስ ነው አሉኝ።

ከዚያ በአሥረኛው ቀን አረፉ።

ከቀብር በኋላ ዘሀራ አቅፋኝ፣ ልቡ አውፍ ብሎሽ ነበር፣ ቀልዱን ነው እኮ አለችኝ። ሼሁም የአላህ ምሕረት ሰፊ ነው አሉኝ። አመሰግናቸዋለሁ። ምንም ያላለኝ አብዬ ብቻ ነው። ለብዙ ቀን ከሰላምታ አልፎ አላናገረኝም፤ ኋላም ማናገር የጀመረው ኪኒኔን አምጪልኝ በማለት ነው።

አብዬ ዛሬ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኪኒኑን በየቀኑ መውሰድ ከጀመረ በኋላ እብጠቱ ቆመ፣ ከዚያም ትንሽ አነሰ። ሽፍታው ተመልሶበታል፣ የእግሩ ጣቶች ጥፍር ዳርም ይቆስላል፣ አይማረርም። ይህ ኪኒን ለዘላለም እንደማይይዝለት፣ ካንሰሩ አንድ ቀን ሊለምደው እንደሚችል ሐኪሟ ነግራዋለች፤ ያኔ ሌላ ምርመራ፣ ምናልባትም ሌላ መድኃኒት ይኖራል። ይህን ሁሉ እያወቀ ጨፋ ሮቢት ይሄዳል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ሠርግ ይጠራል። ኪኒኑ ከነካርቶኑ ራስጌው አለ፣ ለጠያቂ ሁሉ ምን እንደሆነ በስሙ ይነግራል። የፈራሁለት ሰው ከእኔ የበለጠ ደፋር ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

የካንሰር ሐኪማችንን ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። ጤና መኮንኑ ከዚያ በኋላ ፊት አልነሣኝም፣ ጥፋቴን ለሠራተኛው ራሴ እንድናገርም አደረገኝ፤ አላህ ይስጠው። ዘሀራ ቤቷን አልዘጋችብኝም፣ ለዚህ ቃል የለኝም።

የምመክራችሁ ብዙ የለኝም። የታመመባችሁ ሰው ካንሰሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የጂን ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ስሙ አንድ የሆነ በሽታ መድኃኒቱ አንድ አይደለም። ኪኒኑን ከማሸጊያው አታውጡ። ዱዓም ጸሎትም አድርጉ፣ መድኃኒቱን ግን ለባለቤቱ ብቻ ተዉት፤ የሚያስል ወዳጅ ካላችሁ ከኪኒናችሁ ቀንሳችሁ ከምትሰጡት እጁን ይዛችሁ ራጅ ክፍል አድርሱት። የተሳሳተ ነገር ሠርታችሁ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ እዚያው ተናገሩ፣ ሰው ቢሰማም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ታማሚያችሁን አትዋሹት። እኔ በየእሁዱ ሰንበቴ እወርዳለሁ፤ ከብት አልገዛም፣ አልሸጥም። ገበያው መሃል ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ማንም አውፍ የሚለኝ የለም። የእናንተ ሰው ግን ገና አጠገባችሁ ነው፣ ይሰማል፣ ይመልሳል። ዛሬ ግቡና ንገሩት።